ሦስቱ የታች ብሎኖች

ጴጥሮስ ከአሥሩ ብሎኖች ሰባቱን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀበት። ነጭ ጋዝና የፍሬን ዘይት ቀላቅሎ ጠዋትና ከሰዓት ያንጠባጥብባቸዋል፤ ከዚያ በካቻቢቴው ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ያባብላቸዋል። የታችኞቹ ሦስቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ቢያስገድዳቸው የመኪናው የፊት መስኮት የኒኬል ክፈፍ ይሰበራል፤ የዚያ ዓይነት ክፈፍ ደግሞ ሆሳዕና ቀርቶ አዲስ አበባም ማግኘት ያስቸግራል።

መኪናው የአቶ ኃይሉ አሮጌ ቮልስ ነው። ልጃቸው ኤልሳ በሠርጓ ቀን እንድትሄድበት ብለው እንደ አዲስ እያሠሩት ነው። ጡረተኛ ስለሆኑ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ፤ በተቀመጡ ቁጥር ያንኑ ያነሳሉ።

“የማቲዎስ ሥራ! ወለሉን የበላው በዚህ መስኮት የገባ ዝናብ ነው።”

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማቲዎስ ትልቅ ጋራዥ ነበረው፤ ጴጥሮስም የእሱ ሠራተኛ ነበር። ክፈፉ እዚያ ተገጥሞ በወሩ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ያኔ የመሥሪያ ቤታቸው ንብረት ኃላፊ የነበሩት አቶ ኃይሉ የመሥሪያ ቤቱን መኪናዎች በሙሉ ከማቲዎስ ወሰዱ። ሌሎቹ ደንበኞችም የእሳቸውን አይተው ሸሹት። ጋራዡ ተዘጋ። ማቲዎስ ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነት ያስራል።

ክፈፉን የገጠመው ግን ጴጥሮስ ነበር። ማቲዎስ ቦኖሻ ከተማ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ጴጥሮስ ሲቸኩል የታችኞቹን ቀዳዳዎች የብሎን ጥርስ አበላሸ፤ አፍሮ በክብሪት እንጨትና በማስቲሽ ሞላቸውና ብሎኖቹን በመዶሻ መትቶ አስገባቸው። ለማንም አልተናገረም። አሁን የራሱ ጋራዥ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው።

በአራተኛው ቀን አቶ ኃይሉ ትዕግሥታቸው አለቀ።

“ያስገባው ያውጣው! ማቲዎስን አስጠሩት።”

“ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።”

“መቼ? ልጄ ወልዳ ስትመለስ?” ብለው ባጃጅ ላኩ።

ማቲዎስ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ መጣ።

“ና እስቲ ሥራህን ተመልከት” አሉት አቶ ኃይሉ። “የመንገደኛውንም ሻንጣ እንዲህ እያደረግህ ነው የምታስረው?”

“የኔ ገመድ እስካሁን አላፈሰሰም፣ ጋሼ።”

አቶ ኃይሉ ሳይወዱ ሳቁ። ማቲዎስ ጎንበስ ብሎ የብሎኖቹን ራስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ በሽቦ ጫር አድርጎ የወጣውን አሸተተ።

“ዝገት ብቻ አይደለም። ማስቲሽ ነው የያዘው። ካውያ አምጣ።”

ጴጥሮስ የመበየጃውን ካውያ አግሎ ሰጠው። ማቲዎስ በእያንዳንዱ ራስ ላይ እስኪያጨስ ድረስ አሳረፈውና በካቻቢቴው አዞረ። ሦስቱም እንደ ላላ ጥርስ ወጡ። ከቀዳዳዎቹ የጠቆሩ የክብሪት ስባሪዎች ተከትለዋቸው ወደቁ። ማቲዎስ መዳፉ ላይ ሰብስቦ ብዙ አያቸው። ሥራው የማን እንደሆነና እሱ የዚያን ሳምንት የት እንደነበረ ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም።

“ንገረው” አለው ጴጥሮስን በሀዲይኛ፣ ድምፁን ሳያነሳ። “አንተው በአፍህ ንገረው። እኔ ብናገር ሰበብ ነው የሚለው።”

አቶ ኃይሉ ሆሳዕና ሠላሳ ዓመት ኖረው ከሰላምታ ያለፈ ሀዲይኛ አልያዙም።

“ምን አለ?”

ጴጥሮስ ካውያውን አነሳ።

“ካውያው ይቀዝቅዝ ነው የሚለው።”

ማቲዎስ አማርኛውን ከጴጥሮስ ይልቅ ያቀላጥፈዋል።  ዓይኑን ከጴጥሮስ ፊት ላይ ሳያነሳ ስባሪዎቹን ከመዳፉ አራገፈና ገመዱን አነሳ።

“ሠርጉ የሰመረ ይሁን፣ ጋሼ” ብሎ ወጣ።

“አየኸው?” አሉ አቶ ኃይሉ። “ዓይኑ እያየ፣ ይቅርታ እንኳ አይወጣውም።”

ጴጥሮስ በሩ ድረስ ሄደ። ማቲዎስ ወደ መናኸሪያው የሚወስደውን መታጠፊያ አልፎ ነበር። ጴጥሮስ ወደ አቶ ኃይሉ ተመልሶ መጣና ቆመ።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያኔም የገጠምኩት እኔ ነኝ።”

አቶ ኃይሉ አይተውት አይተውት በሳቅ ፈነዱ።

“የናንተ የሽማግሌዎች ነገር! ባለፈው ጎረቤቶቼን ስታስታርቅም ‘ጥፋተኛው እኔ ልሁን’ ብለህ ሁለቱንም አስለቀስሃቸው። አሁን ደግሞ የማቲዎስን ልትሸከም?”

“አይ ጋሼ፣ የምሬን ነው…”

“የምርህን እንደሆነማ አውቃለሁ። ልብህ ነው እንዲህ የሚያደርግህ።” ተነሥተው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። “እንዲህ ያለ ሰው ስንት አለ? ኤልሳም ትስማው፤ ማታ እነግራታለሁ።”

ጴጥሮስ እንደገና ሊናገር አፉን ከፈተ። አቶ ኃይሉ ግን ባዶውን መስኮት እየዳሰሱ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ዙሪያውን የሚገጠመው አዲሱ ጎማ ስንት ሜትር እንደሚበቃው ጠየቁት። ጴጥሮስ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ዙሪያውን ለካ።

“ሁለት ከሃያ” አላቸው።