ሻይ አለ?

«መጣች ደግሞ!» አለች የሟች እህት፣ ሐዘንተኛዋን በክርኗ ጎሰም አድርጋ። «ትናንትም እዚያችው ጥግ ነው የተቀመጠችው። ዘመድ አይደለች፣ ጎረቤት አይደለች። ማናት እንግዲህ?»

ይህችን እህት የሰፈሩ ሰው ሬዲዮ ይላታል። ሹክ ስትል እንኳ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ሐዘንተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏን ቀብራ ከተመለሰች ወዲህ የመጣው ሁሉ «አይዞሽ፣ ጠንከር በይ» ይላታል፤ እሷም ጠንክራ ተቀምጣለች፣ ምን ታድርግ። ዐይኗ ግን በሩ አጠገብ ከተቀመጠችው ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሴት ላይ አልነሣ አለ። ሴትየዋ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ዛሬ ደግሞ ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማለች።

የባሏ ጃንጥላ ነው። እጀታው ሲሰበር በጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ የጠቀለለው ራሱ ነው። ኤሌክትሪሽያን ነበርና በዚያ ቴፕ ያላሰረው ዕቃ ቤቱ ውስጥ የለም፤ አንዴማ ጫማውንም አስሮበታል።

ሐሙስ ሐሙስ! ከጥቂት ወራት ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣ ነበር። «ወዴት ነው?» ስትለው «ሥራ አለችኝ» ይላል፤ የመሣሪያ ሣጥኑ አልጋ ሥር ቁጭ ብሎ! እሷም አልገፋችበትም። እዚህ ቤት አለመጠየቅ የተለመደው ከብዙ ዓመት በፊት ልጃቸው የሞተች ጊዜ ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ትኩሳት ነው የወሰዳት። ከቀብር ሲመለሱ አባትየው ፎቶዋን ከግድግዳው አወረደው። አንድ ቀን እናትየው «ድንቡሼ እኮ...» ብላ ስትጀምር ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ እሷም ያንን ስም ዋጥ አደረገችው። እሱ ብቻ ጠዋት ጠዋት ሲላጭ፣ በወጣትነቱ መርከብ ላይ ሲሠራ በለመደው የባዕድ ቋንቋ ከመስታወቱ ጋር ያጉረመርማል። እሷ ከዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም።

ተነሣች። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ» አለች። ሴትየዋን ወደ ልብስ መስፊያ ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋችው። ሬዲዮ ውጭ ቀረች፤ ጆሮዋ ግን መቅረቱን እንጃ።

«የባሌን ጃንጥላ ከየት አመጣሽው? እውነቱን ንገሪኝ። ከዚህ በላይ የሚመጣብኝ የለም።»

ሴትየዋ ጃንጥላውን በሁለት እጇ አቀበለቻት። «ቢሮዬ ረስተውት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፣ እናቴ። ሰው የከበደውን ይዞ ይመጣል፣ አብረን እንቀመጣለን። እሳቸው ‹ባለቤቴ ከጠየቀችሽ ማን እንደሆንሽ ንገሪያት፤ የቀረውን ራሴ እነግራታለሁ› ብለውኝ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ እፎይ አለች። ውሽማ አይደለችማ! ወዲያው ግን ከዚያ የባሰ ነገር ታያት።

«አወራልሽ? እሱ? እኔ ጎኑ ተኝቼ አንድ ቃል ስለምነው ኖሬ፣ ሄዶ ላንቺ አወራ!»

«ቢቆጡ እውነትዎን ነው» አለች ባለሙያዋ። አይዞሽ አላለቻትም፣ ጠንከር በይም አላለቻትም። በርጩማ ሳብ አድርጋ፣ ከእሷ ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«ስለ ልጄ ነው?»

«የነገሩኝ የእሳቸው ነው፣ እናቴ። አደራ ነው።»

«በየትኛው ቋንቋ ነው ያወራልሽ? በዚያ በመርከቡ?»

ባለሙያዋ ትንሽ አሰበች። «ስለ እሳቸው አልናገርም። እኔ በሁለቱም ነው ያደግሁት፤ እኔ ዘንድ ሰው በመጣለት ያወራል። አንዳንዱ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲለው የሚፈጀውን ነገር መጀመሪያ በሰው ቋንቋ ይነካካዋል። ትኩስ ድስት በጨርቅ ይያዝ የለ? በረድ ሲልለት በእጁ ይይዘዋል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሲመለሱ እንዴት ነበሩ?»

«እንዴት ይሆናል! ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ይቆማል። እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ‹አንቺ...› ይለኛል። ቀና እላለሁ። አፉን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ከዚያ ‹ሻይ አለ?› ይለኛል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አፈላለታለሁ! እሱም እስከ አተላው ጠጥቶ...» ድንገት ቀና ብላ አየቻት። «ሻይ እኮ አይወድም። ጨጓራዬን ይለኝ ነበር ድሮ። ውይ! ውይ በሞትኩት! ሊነግረኝ ነበር እኮ የሚቆመው! በገዛ ቋንቋችን ‹አንቺ› ብሎኝ፣ እኔ ሻይ ሰጠሁት!»

ጃንጥላውን እቅፍ አድርጋ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። የባለሙያዋም ዐይን እንባ ሞላ፤ አልደበቀችውም።

በማግስቱ ቤቱ እንደገና በሰው ተሞላ። ባለሙያዋም መጥታ ያቺው ጥግ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊዋ ከመስፊያ ክፍሏ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች። አንድ እጇን መቃኑ ላይ አድርጋለች፤ በሌላው፣ ዘመኑን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከልብስ ቁልፎች ሥር ደብቃ ያኖረችውን የልጇን ፎቶ ይዛለች።

«ስሙኝማ...» አለች። ሰዉ ዞረ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

ሬዲዮ ደንግጣ ብድግ አለች። «ምነው? ሻይ ላምጣልሽ?»

«ሻይ አይደለም» አለች። «ድንቡሼ... ድንቡሼ የምትባል ልጅ ነበረችን።»

ሬዲዮ ሳትቀር ሁሉም ዝም አለ። እናትየው ፎቶውን ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ለሐዘኑ ከተቀመጠው ከባሏ ፎቶ ጎን አቆመችው። ዞር ልትል ስትል ተመለሰችና፣ ሁለቱ እንዲነካኩ ጠጋ አደረገቻቸው።