ለሰባት የተካፈለ አንድ በሬ

ሰዒዳ ከፈጅር ሶላት ጀምሮ መቀመጫዋ መሬት አልነካም። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። ኧረ ምን ትሁን! ዓረፋ ነው፤ የኢድ ሶላት አልቆ ሰው ወደየቤቱ ገብቷል፤ ከአጥሩ ማዶ ስድስት ጎረቤቶች ከባቲ የመጣውን በሬ ሊጥሉ ቢላ እየሳሉ ነው።

አምና ሰባት ነበሩ። አንድ በሬ ለሰባት ቤት ኡድሂያ፣ ለዓረፋ እርድ፣ ይበቃል፤ ሰባተኛው ባሏ፣ የሒሳብ አስተማሪው ጀይላን ነበር። ዘንድሮ ጀይላን የለም። ለድርሻዋ የላከችውን ብር የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ አቡበከር «የየቲም፣ የሙት ልጅ ገንዘብ አንነካም፤ ሥጋውን ከየድርሻችን እናደርስላታለን» ብለው መለሱላት። ደግነት ያንገበግባል ወይ? ያንገበግባል እንጂ! አምና ያረደ ቤት ዘንድሮ ሳህን ይዞ ይጠብቅ? ቢላው አንገት ላይ ካረፈ ደግሞ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚገባ ሸሪክ የለም።

በሬው ሲያጓራ ሰማች። አልቻለችም። ብሩንና የጀይላንን ካልኩሌተር ጨብጣ፣ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛውራ ተጫምታ ሮጠች።

በሬው ተጠፍሮ ወድቋል።

«ምነው ሰዒዳ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ? እናመጣልሽ የለም እንዴ!» አሉ ሼህ አቡበከር።

«አንቱ አባቴ፣ ጀይላን ዓረፋ በመጣ ቁጥር በምን ነበር የሚያጫውታችሁ?»

የበሬውን እግር የያዘው ሙሀመድኑር ሳቀ። «በዚያች ቁጥሩ ነዋ!»

ካልኩሌተሩን ነካካች። አንድ በሬ ለሰባት፤ ዜሮ ነጥብ 142857፣ እንደገና 142857፣ ማለቂያ የለውም። ቁጥሩን በሁለት አበዛችው፤ 285714። በሦስት፤ 428571። ያው ስድስት አኃዞች ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ እንግዳ አይገባም። በስድስት፤ 857142።

«ስድስት ሆናችሁ ብትዞሩ ብትዞሩ ያው ናችሁ» አለች። «አሁን በሰባት ያብዙት።»

ሼሁ ተጫኑ። 999999።

«ሰባተኛው ሲገባ ሁሉም እኩል ይሆናል፤ የሚበልጥም የሚያንስም የለም፣ ይል ነበር።»

«ሸሪዓ በካልኩሌተር አይደለም ልጄ» አሉ ሼህ አቡበከር።

«አውቃለሁ። ሸሪዓው ታዲያ ሴት ድርሻ አይኑራት ይላል?»

ሼሁ ጢማቸውን ዳሰሱ። ቢላውን አዩ፣ ብሩን አዩ።

«አይልም» አሉ ቀስ ብለው። «አስተግፊሩላህ፣ አይልም።» ብሩን ተቀበሏት።

«በጀይላን ስም ይሁን?» አለ ሙሀመድኑር።

«ጀይላን የሱን አርዶ ሄዷል። ይሄ የኔ ነው።»

ሼህ አቡበከር ቢላውን አንስተው የባለድርሻዎቹን ስም ጠሩ። ስድስቱን ባንድ ትንፋሽ ጨረሱ። ሰባተኛው ላይ ምላሳቸው በልማድ «ጀይ…» ብሎ ተሰናከለ። በሬው ተንፈራገጠ።

«ሰዒዳ» አሉ። «ቢስሚላሂ፣ አሏሁ አክበር።»

ሰዒዳ እዚያው አቧራው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።