የጫካው መንገድ ዋስ

ወንድይፍራው ጫካ አይቶ አያውቅም። ተወልዶ ያደገው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሥር ነው፤ ከባሕር ዛፍ ጥላ በቀር ሌላ ጥላ አላረፈበትም። ቢሆንም የከፋን ደን ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ በመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ወንዞቹን በስማቸው፣ ኬላዎቹን በተራቸው፣ መኪና ቆሞ በቅሎ የሚጫንበትን ቦታ ሳይቀር እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። እንጀራው ነዋ! የውጭ አገር ፊልም አንሺዎች ወደ ተከለለ ደን መግባት ሲፈልጉ ጉዳያቸውን የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ደጅ ይጠናል፣ የቤንዚን ኩፖን ያወጣል፣ ቦንጋ ድረስ እየደወለ በቅሎ ያስጠብቃል፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሥር ካሜራ ከመተከሉ በፊት ባለቀፎው እንዲጠየቅ አደራ ይላል። መስመሩ ሲቆራረጥ እንኳ ስልኩን ቶሎ አይዘጋም። ከወዲያ በኩል ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚሰማው ይመስለዋል።

ሁሉ ተሟልቶ መኪናው ሲነሣ ግን የሚሳፈረው ሌላ ሰው ነው።

አብዮቱ አምስተኛ ዓመቱን ባከበረ ማግስት ጉሬዛ የሚቀርጹ ምሥራቅ ጀርመኖች መጡ። ወንድይፍራው እንደምንም ደፍሮ አለቃው ፊት ቆመ።

«ጓድ ቀለመወርቅ፣ የአሁኑን እኔ ልሸኛቸው?»

«እናያለን» አሉ አለቃው።

እስከዚያ ቀን ሲሉት የኖሩት «አይሆንም» ነበርና፣ «እናያለን» ለወንድይፍራው እንደ ምሥራች ሆነለት። ከዚያ ወዲያ ቢሮው ግድግዳ ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆሞ የሚቀር ሆነ። በአረንጓዴ የተቀባችውን ቦታ በጣቱ ሲዳብስ ያየ ሁሉ ይስቅበታል።

ጉልላት ባይኖር ኖሮ ይሄዳት ነበር። ጉልላት የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነው፤ እትዬ ዋጋነሽ ግቢ ውስጥ ከወንድይፍራው ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጨዋታ አዋቂ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና። ለጀርመኖቹ የእንኳን ደህና መጣችሁ ምሳ ሲደረግ ወንድይፍራው ጥግ ይዞ የሚናገረውን እንግሊዝኛ በሆዱ ያሰናዳል። ጉልላት ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳያስተካክል ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ጉሬዛ ዘለለላቸው! ሰዎቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አለቃው «ማን አብሯችሁ ይሂድ?» ቢሏቸው ሁሉም ወደ ጉልላት ጠቆሙ።

 ወንድይፍራው ምሳውን ትቶ ተነሣ።

ቅዳሜ ጉልላት ጀርመኖቹ የሰጡትን አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ለብሶ ቤት ገባ።

«አየህ ወንዴ? ገና ጫካ ሳልገባ ጫካ ለበስኩ!»

«ያምርብሃል።»

እውነትም ያምርበት ነበር። ክፋቱም እሱ ነው።

«እኔ እኮ ለዛፍ ግድ የለኝም» አለ ጉልላት አልጋው ላይ እየተዘረጋ። «የዚያ አገር ጠጅ ነው የሚወስደኝ። ጉሬዛውንማ ካየሁትም አየሁት። ስማ፣ ነገ ከሰዎቹ ጋር ዕቃ አስራለሁ። ስብሰባው ላይ ‹አለሁ› በልልኝ።»

«እሺ።»

ይህ የሁለቱ ልማድ ነው። እሑድ እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ስም ሲጠራ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ሌላው ይመልስለታል። ወንድይፍራው አንገቱን ሰብሮ ከደረቱ ያጎረንናል፤ ጉልላት በተራው የወንድይፍራውን ቀጭን ድምፅ ሲያወጣ አጠገቡ ያሉ ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ያፍናሉ። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው የሚኖረው። ማን ሥራውን ፈቶ የሊቀ መንበሩን ንግግር እስከ ምሳ ያዳምጣል?

በዚያ እሑድ ግን ሊቀ መንበሩ ጓድ ሰብስቤ ቱግ ብለው ተነሡ።

«የሌለ ሰው ‹አለሁ› እያለ አስቸግሮናል! ዛሬ የቀረ፣ ለቅሶም ይድረስ ሠርግ፣ ስኳር የለው! የይለፍ ወረቀት የለው!»

የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በጆንያ ቢሸከም እንኳ ኬላ አያልፍም። ይህን ከወንድይፍራው በላይ ማን ያውቃል?

ጸሐፊው መጥራት ጀመረ። ወንድይፍራው የራሱን ስም ሲሰማ «አለሁ» አለ። ወዲያው ቀጥሎ፣

«ጉልላት ዳባ!»

ድምፁ ደረቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። አፉን ከፈተ። አረንጓዴው ካፖርት ታየው፤ በዚያ ሰፊ ትከሻ ላይ ዝናብ ሲወርድበት፣ ጉልላት ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በቀንድ ዋንጫ ጠጅ ሲጨልጥ። አፉን መልሶ ገጠመ።

«ጉልላት ዳባ!»

እትዬ ዋጋነሽ በክርናቸው ጎሸሙት። «ኧረ አንተ፣ ጓደኛህ እኮ ነው የተጠራው! እኔ እንዳልልለት ሴት ነኝ!»

ወንድይፍራው የአዳራሹን ጣሪያ አየ። ጸሐፊው በቀይ እስክሪብቶ አሰመረና ወደ ሌላው ስም አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ጉልላት ከቀበሌ ባዶ እጁን ወደ ቢሮ ተመለሰ። መኪናው ማግስቱን ይነሣል። አለቃው ጠረጴዛውን ደበደቡ፣ ጸጉራቸውን አሹ፣ በመጨረሻ ዐይናቸው ወንድይፍራው ላይ ዐረፈ።

«አንተ ስብሰባ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ ሂድ፣ ወረቀትህን አውጣ!»

ወደ ቀበሌ እየበረረ ሄደ። ጓድ ሰብስቤ ግን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ወረቀቱን እሰጥሃለሁ። ጫካ ገብተህ ብትቀር የምይዘው ሰው ግን እፈልጋለሁ። የዚህ ቀበሌ ነዋሪ የሆነ ዋስ አምጣ።»

እትዬ ዋጋነሽ ጋ ሮጠ። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«እትዬ፣ ዋስ ይሆኑኛል?»

«ትናንት ያንተ ጆሮ ታሞ ነበር። ዛሬ ደግሞ የእኔ እጅ ታሟል።»

በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላው ያ ጎርናና ድምፅ መጣ። «ዋስ ነው የጠፋው? እኔ ምን ሆንኩ?»

እትዬ ዋጋነሽ ጎመኑን አስቀመጡ፤ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

ጉልላት መንገድ ላይ በትከሻው ገፋ አደረገው። «አይ አንተ! ስሜ ሲጠራ ጫካህ ውስጥ ነበርክ አይደል? በቁምህ ስታልም እኔን አስበላኸኝ!»

«አልሰማሁም» አለ ወንድይፍራው።

«አውቃለሁ። ደግሞ ካልቀረ አንተ ብትሄድ ይሻላል። ለእኔ ጠጅ አየር ጤናም አለ።»

ወንድይፍራው ቢሰድበው ይመርጥ ነበር። እስከ ትናንት የቀናበት በመኪና መቀመጫው፣ በሳቁና በትከሻው ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ይኸው ደግነቱ ተጨመረ። ከየት ነው ሰው እንዲህ ያለ ሆድ የሚያገኘው? ለምን ለእሱ ብቻ?

ቀበሌ ሲደርሱ ጉልላት የዋስትናውን ወረቀት ሳያነብ ፈረመ።

«ሳይመለስ ቢቀር አንተን ነው የማስርህ» አሉት ጓድ ሰብስቤ።

«ይቀራል እንጂ ጓድ! ይህ ሰው ዛፍ ካየ መች ይመለሳል? ፍራሹን ከአሁኑ ያነጥፉልኝ!»

ሊቀ መንበሩ እንኳ ሳቁ። እሳቸውን ማን አስቆ ያውቃል?

ማክሰኞ ላንድሮቨሩ ሲነሣ ጉልላት ካፖርቱን በመስኮት ወረወረለት። ወንድይፍራው ለበሰው። ትከሻው ወደ ታች ተንጠለጠለ፣ እጅጌው መዳፉን ዋጠው። ከኋላ የተቀመጡት ጀርመኖች ካፖርቱን አዩ፣ ለባሹን አዩ፣ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ወደየመስኮታቸው ዞሩ። ሾፌሩ ዱባለም «ጉልላት ቢኖር መንገዱ ባጠረልን» ብሎ ማርሽ አስገባ።

አየር ጤናን አልፈው መጀመሪያው ኬላ ደረሱ። ወታደሩ ወረቀቱን ተቀበለና ከፊቱ ጋር እያስተያየ ያነብ ጀመር። ወረቀቱ የሌላ ሰው እንዳይሆን ሲመረምሩ የኬላ ወታደሮች ሁሉ የሚጠይቋት ጥያቄ አለች፤ ወንድይፍራው ራሱ ለሌሎች ተጓዦች ሲያስጠናት ኖሯል።

«ዋስህ ማነው?»

ወንድይፍራው የካፖርቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ።

«አንተን እኮ ነው! ዋስህ ማነው?»

«ጉልላት…»

«ጮክ በል!»

«ጉልላት ዳባ!»

እሑድ ከደረቱ ያልወጣው ያ ጎርናና ድምፅ አሁን ወጣ። ከኋላ የነበሩት ጀርመኖች የሚያውቁትን ስም ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ጉልላት! ጉልላት!» እያሉ አጨበጨቡ፤ አንደኛው መቀመጫው ላይ እንደ ጉሬዛ ዘለለ። ወታደሩ ሳይቀር ፈገግ አለና ገመዱን አወረደላቸው።

ወንድይፍራው ወረቀቱን በሰፊው እጅጌ ውስጥ ደበቀና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እስከ ደኑ አፍ ድረስ የት የት ኬላ እንዳለ በተራው ያውቃል። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ጊቤ…