የታለፈው ተራ

ቀዩ ጽሑፍ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞላው።

«ያ ሣጥንህ አሁንም አኩርፏል?» አሉ የመስኖውን ተራ የሚያስከብሩት የውኃ አባት አያ ዳኘው፣ አካፋቸውን ተደግፈው በሩ ላይ እንደ ቆሙ።

«አኩርፏል አያ። ትንሽ ይታገሡኝ» አለ ወንዳወቅ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«እኔስ እታገሣለሁ። የማይታገሠው የሀብትነሽ ሽንኩርት ነው። ዛሬ ካልጠጣ አለቀለት።»

ባለፈው በጋ በውኃ ተራ ዱላ ከተማዘዙ በኋላ፣ የስልክ መልእክት ያልደረሰው ማንም ቦይ እንዳይከፍት ገበሬዎቹ ተማምለዋል። መልእክቱን የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈው የሀብትነሽ ባል ክንፈሚካኤል ነበር። ለቅሶ ቤት እስከ ሰልስት አካፋ አይነሣምና ፕሮግራሙ ሐዘንተኛን ቤት ያልፋል። ሰልስት ሲወጣ ግን የታለፈው ተራ መመለስ አለበት። ክንፈ ይህን ሳይጽፈው ሞተ፤ መጀመሪያ የታለፈውም የራሱ ቤት ሆነ። አሁን ሰልስቱ ወጥቷል።

ወንዳወቅ ኮድ የተማረው ከእሱ ነው፤ ቡሬ ገበያ ዳር፣ በዚህችው የስልክ ጥገና ሱቅ፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት። «ኮምፓይለር፣ ይህ ኮድህን የሚያርመው፣ ሲቆጣህ እንደ የኔታ ቁጠረው» ይለው ነበር። «ለጥቅምህ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር አንብብ፤ የቀረው ጩኸት ነው።»

በስክሪኑ ወደ ላይ ወጣና የመጀመሪያዋን መስመር አነበበ። በክንፈ ቤት ላይ ቆሞ የነበረውን ጠቋሚ፣ ተራው የማን እንደ ሆነ የሚያሳየውን፣ ቀድቶ አስቀምጦታል፤ አሁን በዚያ ቅጂ የዛሬውን ጠቋሚ ሊተካ ፈልጓል። መቅዳቱ ተፈቅዷል፤ መተካቱ ተከልክሏል። ጠቋሚው ሐዘንተኛውን የሚለይ ላምዳ፣ ስም ያልወጣለት ትንሽ ተግባር፣ በውስጡ ይዟል። እንዲህ ያለው ላምዳ አንዴ ከተቀመጠ በቦታው ሌላ አይተካበትም፤ የገዛ ቅጂው እንኳ ቢሆን።

ስለዚህ ላምዳውን ይዘቱ ሊለወጥ በሚችል መያዣ ውስጥ አስገባው። የክንፈን ሕግ ግን አንዲት ፊደል አልነካም። ቁልፉን ተጫነ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ።

«መልእክቱ ሄደ፣ አያ!»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ ሽማግሌው፤ አካፋቸውንም አንሥተው ወደ ቦዩ ገሠገሡ። ወንዳወቅ ብቻውን ሲቀር «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ» አለ፣ ክንፈ በሕይወት ሳለ ደፍሮ ያላለውን።

ስልኩ ጠራ። «ክንፈ» ይላል። አነሣው።

«ወንዳወቅ» አለች ሀብትነሽ በባሏ ስልክ፣ «‹ክንፈሚካኤል፣ ተራዎ ደርሷል› የሚል መጣ።»

ስሙን አልቀየረውም! «ይቅር በይኝ እትዬ፤ አሁኑኑ በስምሽ…»

«ተወው። በስሙ ይጠራ። ቦዩን እየከፈትሁለት ነው።»

ስልኩን ሳትዘጋ ከሽንኩርቱ መደብ ዳር አስቀመጠችው። ወንዳወቅም ጆሮው ላይ እንደ ያዘ፣ ውኃው ወደ ደረቁ አፈር ሲገባ ያዳምጥ ጀመር።