የጠዋቱ ብልሽት

ጋሽ መዝግቡ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአየር ጠባይ ጣቢያ ሲሠሩ በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን፣ ነፋሱንና ዝናቡን እየለኩ ጽፈዋል። አንዴ የጻፉትን ደግሞ ሰርዘው አያውቁም፤ የጣቢያው ሕግ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ እጃቸው አላርፍ አለ። ውሃ የጠፋበትን ሰዓት ይጽፋሉ፣ የጎረቤት ውሻ የጮኸበትን ሰዓት ይጽፋሉ። ኮምፒውተራቸው መታመም ሲጀምር ደብተር እንደሚከፍቱለት የተጠራጠረ አልነበረም።

ቤት ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፣ ሳሎን መስኮቱ ሥር። ጠዋት ጠዋት፣ ጋሽ መዝግቡ ለእግር ጉዞ ሲወጡ፣ የባለቤታቸው ነው። እትዬ አራሚ ይሏቸዋል፤ አሳታሚው ገና ያልታተመ መጽሐፍ ይልክላቸዋል፣ የፊደል ግድፈቱን ለቅመው ይመልሳሉ። ከዚህ ሥራ የበለጠ የሚወዱት ነገር የለም። አንዲት የሥራ ጓደኛቸው «ዓይኔ ደከመ» ብላ ለአሳታሚው ከተናገረች ወዲህ ግን አንድ መጽሐፍ እንኳ አልተላከላትም። ከዚያ በኋላ እትዬ አራሚ ስለ ዓይን ወሬ ሲነሣ ወደ ጓዳ መሄድ ጀመሩ።

ከሰዓት በኋላ ተራው የጋሽ መዝግቡ ነው። የሠላሳ አንድ ዓመቱን ዝናብ በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ አስገብተው መስመር እየሳሉለት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ራሱን ሲያድስ ቆየና ሲነሣ መልኩ ተለወጠ። ፊደሉ ሁሉ አብጦ ደበዘዘ፣ ሠንጠረዡ ከስክሪኑ ተርፎ ወጣ፣ የዝናቡ መስመርም ደረጃ ደረጃ ሆነ። እትዬ አራሚ ጠዋቱን አርባ ገጽ ጨርሰው ስለ ብልሽቱ ትንፍሽ አላሉም። ጋሽ መዝግቡ ግን ከሰዓት በኋላ ሲያዩት ክው አሉና በሌላ ከተማ ኮምፒውተር የምትጠግነው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ።

«ግራፊክስ ካርዱ ነው አባዬ» አለች። «ካርዱስ ደህና ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው የተበላሸው። ድራይቨር ይባላል። አሮጌውን እናጠፋና አዲስ እንጭናለን።»

ጣቢያ ሳሉ በሬዲዮ የሰሙትን ሁሉ ጮክ ብለው የመድገም ልማድ ነበራቸው፤ አሁንም አልተዋቸውም። «ዲቫይስ ማናጀር። ዲስፕሌይ የሚለው። ራይት ክሊክ። አጥፋ። ሪስታርት» እያሉ ቤቱን አናጉት። ሶፋው ላይ የተቀመጡት እትዬ አራሚ ያዳምጡ ነበር። አዲሱ ሲጫን ስክሪኑ ጠራ፣ ፊደሉም ወደ ልኩ ተመለሰ። ጋሽ መዝግቡ «ተስተካከለ» ብለው ጻፉና ከሥሩ አሰመሩበት።

ማክሰኞ ከሰዓት ያው ብልሽት ጠበቃቸው። ጠገኑት። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም። ልጅቷ ኮምፒውተሩ በራሱ መታደሱን አዘጋቻቸው፤ የቆየ ድራይቨር አስሞከረቻቸው፤ ክዳኑን አስከፍታ፣ ካርዱን አስነቅላ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አስጠርጋ መልሳ አስተከለቻቸው። ወይ ፍንክች።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ታከታት። «እስቲ ደብተሩን አንብብልኝ።»

ጋሽ መዝግቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዓርብ፣ ሁለት ተኩል ላይ ደህና፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ስምንት ሰዓት ላይ የተበላሸ። እሁድ፣ እናትሽ ሥራ የላትም፤ ቀኑን ሙሉ ደህና። ሰኞ፣ ዝናብ ስለነበር ለእግር ጉዞ አልወጣሁም፤ እናትሽ ራሴን አሞኛል ብላ ተኛች፤ ቀኑን ሙሉ ደህና።»

«አባዬ፣ ድራይቨር አንተ ስትወጣ ጠብቆ አይጠፋም። ሰው ነው የሚያጠፋው።»

«እቤት ያለነው እኔና እናትሽ ነን።»

«እሱን አውቃለሁ።»

ጋሽ መዝግቡ ተናደዱ፤ ምን ይደበቃል። ዝናቤ ምን አደረጋት ብለው ሲብሰለሰሉ አደሩ። በማግሥቱ ለእግር ጉዞ ወጥተው ከመንገዱ ጥግ ተመለሱና ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ።

እትዬ አራሚ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አንድ ስንዝር ያህል አስጠግተዋል። በጣታቸው እየዳበሱ ያንሾካሹካሉ። «ዲቫይስ ማናጀር። ዲስፕሌይ የሚለው። ራይት ክሊክ። አጥፋ።» በጋሽ መዝግቡ ቅደም ተከተል፣ በጋሽ መዝግቡ አነጋገር ሳይቀር። ስክሪኑ ጠፍቶ በእነዚያ ባበጡ ፊደሎች ተመለሰ። ያን ጊዜ እትዬ አራሚ ወንበራቸውን ተደግፈው እፎይ አሉና ማንበብ ጀመሩ።

ንዴቱ የት እንደገባ ጋሽ መዝግቡ አላወቁም። ሰሞኑን መርፌ ላይ ክር አስገባልኝ ሲባሉ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብብልኝ ሲባሉ፣ አንዱንም ልብ ሳይሉ ቀርተዋል። ይባስ ብለው ሚስታቸው ጠዋት ያገኙትን ፊደል ከሰዓት በኋላ ሲነጥቁ ከርመዋል። ቀስ ብለው ወጡ፣ ጫማቸውን አጠለቁ፣ የአንድ ሰዓት ጉዟቸውን ጨርሰው በሩን እያንጓጉ ገቡ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አራሚ ገበያ ሲሄዱ ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። «ድራይቨሩ እንዳለ ሆኖ ፊደሉን ብቻ ማተለቅ ይቻላል?»

«ለማን ነው?» አለች፤ ወዲያው ግን ገባት። «ይቻላል አባዬ። ለእማዬ የራሷን መግቢያ እንክፈትላት። በሷ በኩል ሲከፈት ፊደሉ ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ያንተ እንዳለ ይቆያል።»

ያን ቀን ጋሽ መዝግቡ አንዲት ቃል ጮክ ብለው አልደገሙም።

ሐሙስ ጠዋት ለጉዞ አልወጡም። እትዬ አራሚ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ሁለት መግቢያ መጣ። የራሳቸውን ነኩት። ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ደግሞም ጥርት ያለ። ወንበራቸውን ሳይስቡ አንድ ገጽ ሙሉ አነበቡ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«ልጅሽ።»

«ማን ነገራት?»

ጋሽ መዝግቡ ደብተሩን ሰጧቸው። እትዬ አራሚ ገልጠው አዩት፣ አራቅ አደረጉት፣ መለሱላቸው። «አልታየኝም» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሲያወጡ የመጀመሪያቸው ነው። «አንተው አንብብልኝ።»

«ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት፣ ደመናማ። ብልሽት የለም። እስካሁን ሲያበላሽ የከረመው እኔ ነኝ። ሰኞ፣ አራት ሰዓት፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ፤ ለሁለታችንም።»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክና?»

«አጠገቤ ያለውን ሳላይ ከርሜ? መመርመር አለብኝ።»

እትዬ አራሚ ሳቁ፣ ቀጥሎም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጥቂት ቆይተው «ግድፈት አለበት» አሉ። «‹እኔ ነኝ› የሚለውን ሰርዘህ ‹ሁለታችን ነን› በል። ደብቄህ ነበር።»

ጋሽ መዝግቡ ደብተሩን ለአፍታ ተመለከቱት። ከዚያ እስክሪብቶ አነሡና ሰረዙት።