ግማሽ ስኒ

ዴርቭላ በራዱን አላስቀመጠችም።

ፈርገል ኩዊግሊ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። በራዱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ የለቀስተኛን እጅ መጨበጥ የዓይን ቅጽበት አይፈጅም፤ ሳሎኑን የሞላው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ የመጣውን ሁሉ፣ ስሙን እንኳ የማታውቀውን የወተት መኪና ሹፌር ሳይቀር፣ በራዱን እያስቀመጠች ጨብጣለች።

"እግዜር ያጽናሽ፣ ዴርቭላ" አለ ፈርገል።

"ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው" አለችና አልፋው ሄደች። ከጎኑ ለቆሙት ሴትዮ ቀዳች። ከሴትዮዋ ወዲያ ለተቀመጠው ሰውዬም ቀዳች። ለፈርገል ግን ጠብታ አልቀዳችም። በአየርላንዷ ዶኒጎል ለቅሶ ቤት ገብቶ ሻይ ሳይቀምስ የሚወጣ ሰው የለም፤ ባላጋራ እንኳ ሳንድዊች በእጁ ተሰጥቶት ነው የሚሸኘው።

ፈርገል የተዘረጋውን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ክዳኑ ወደተከፈተው ሣጥን ተጠግቶ አማተበ። የሟቹን ጣቶች፣ በመቁጠሪያ የተጠላለፉትን፣ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

አክስቷ ኡና ክንዷን ይዛ ወደ ኩሽና አስገባቻት። "ምን ማለትሽ ነው? አስከሬን ባለበት ቤት!"

"እጄ ይዞ ነበር፣ አክስቴ።"

"እጅሽ ይዞ ነበር! ሰውም ዓይን አለው እኮ። ከእንግዲህ ሥጋ ቤቱ ጋ ሌላ ወሬ አይኖርም።"

"ያኔም ሥጋ ቤቱ ጋ ሌላ ወሬ አልነበረም" አለች ዴርቭላ።

ኡና ክንዷን ለቀቀቻት። የወንድሟን ውርደት እሷም አልረሳችም።

ሟቹ፣ የዴርቭላ አባት ማላኪ ሂጋርቲ፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነዳ። ከሥራ ሲመለስ ግን የጦር አዛዥ ነበር። የኩሽናውን ጠረጴዛ በጋዜጣ ሸፍኖ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የብረት ወታደሮቹን ደርድሮ፣ ጥቂት ጠጉር በቀረው ብሩሽ ይቀባቸዋል። ነገሥታት ጣሊያንን ለመቀራመት የተፋጁበት የዚያ የጥንት ዘመን ሠራዊት ነው፤ ረጅም ጦር የያዙ እግረኞች፣ ባለ ጠመንጃዎች፣ ከአናት እስከ ጥፍር ብረት የለበሱ ፈረሰኞች። ዴርቭላ ትንሽ ልጅ ሳለች የዋናውን አዛዥ ባንዲራ እንድትቀባ ሰጣት። አንበሳ ሣዪበት አላት። ትንፋሿን ውጣ፣ ምላሷን አውጥታ ሣለች፤ የወጣው ግን ድመት ነው፤ ያውም ጠግባ የተኛች ድመት።

"አበላሸሁት፣ አባዬ" ብላ አለቀሰች።

"ተይው። ይህን ያየ ጠላት ይስቃል፤ እየሳቀ ደግሞ የሚያነጣጥር የለም።"

በዚያች ድመት ሥር ማላኪ በየዓመቱ አሸነፈ። እንዲህ ያሉ ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ በየተራ እያንቀሳቀሱ፣ ዳይስ እየጣሉ የሚዋጉበት ውድድር በሰበካው አዳራሽ ይካሄዳል፤ ከጎረቤት አውራጃዎችም ሰው ይመጣል። ክበቡ የራሱ ሥርዓት አለው። በመጨረሻው ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ባንዲራውን ለአሸናፊው ያስረክባል፤ የጨዋታው ዕለትም ተሸናፊ ለአሸናፊ ሻይ ይቀዳል። የተወሰደ ባንዲራ በልመና አይመለስም። ባለቤቱ ወይም ከቤቱ አንድ ሰው በማንኛውም ዓመት በመጀመሪያው ዙር ወሳጁን ገጥሞ፣ አሸንፎ ነው የሚያስመልሰው።

የዛሬ አሥር ዓመት ፈርገል ከማላኪ ጋር ለመጨረሻው ጨዋታ ተቀመጠ። የልብ ጓደኛሞች ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ እነዴርቭላ ኩሽና ተቀምጠው፣ ፈርገል ሻይ እየቀዳ፣ ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። በዚያ ጨዋታ ፈርገል እየተሸነፈ ሳለ የማላኪ ጦረኞች፣ ረጅም ጦር የያዙት፣ ከተፈቀደላቸው ቦታ አንድ ጣት ያህል ወደፊት አልፈው ተገኙ። ማላኪ ሊያስቀምጣቸው ሲል እጁ ስቶ ገፍቷቸው ነበር።

"ዳኛ!" ብሎ ጮኸ ፈርገል። "ኧረ ይህን ኑና እዩልኝ! የማላኪ ሰዎች ሳይታዘዙ ይራመዳሉ!"

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው ለካና አንድ ጣት ማለፉን አረጋገጠ። ጨዋታው ለፈርገል ተሰጠ፤ ድመቷም ሄደች። ከዚያ ወዲያ ማላኪ አውቶቡሱን ሲያስነሳ ከኋላ መቀመጫ "ሳይታዘዝ ሄደ!" የሚል አይጠፋም ነበር። በዓመቱ ሐኪሙ የእጁ መንቀጥቀጥ በሽታ መሆኑን ነገረው። ያን ጊዜ ቀልዱ ቆመ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ግን አልነበረም። ፈርገልም አልመጣም።

"እኔ ልግጠመው" ትለው ነበር ዴርቭላ።

"እኔ በሕይወት እያለሁ እዚያ አዳራሽ አትገቢም። እጄን እያዩ የሳቁ ሰዎች ያንቺን እጅ አያዩም።"

አልገባችም። በቤት ግን ተጫወተች። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ያዛል፤ እሷ ታንቀሳቅሳለች። ሕመሙ ሲጠናበት ስሟን መጥራት ትቶ "እጆቼ" ይላት ጀመር። "እጆቼ፣ ፈረሰኞቹን ያዢያቸው፣ አይቸኩሉ።" ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ቂሙም አብሯት አደገ፣ አልሞተም።

አመሻሹ ላይ የክበቡ ጸሐፊና ዳኛ ሎርካን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ኩሽና ገባ።

"የነገውን ውድድር ልንሰርዘው ነው" አላት። "ለማላኪ ክብር።"

"እንዳትሰርዙት።"

"እንዴት?"

"የመጀመሪያው ዙር ላይ ስሜን ጻፍልኝ። ከፈርገል ኩዊግሊ ጋር።"

ኡና የምታጥበው ሳህን ከእጇ አመለጠ። "አባትሽ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ አንቺ ጨዋታ?"

"ሰኞ ጠዋት ክዳኑ ይዘጋል፣ አክስቴ። ከዚያ በኋላ ባገኘው ምን ያደርግልኛል? ድመቷን ይዞ ነው የሚቀበረው።"

"እሱ አትሂጂ ብሎሽ የለም?"

"በሕይወት እያለሁ ነው ያለኝ" አለች ዴርቭላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የአባቷን ሠራዊት በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ አዳራሹ ገባች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ፈርገል አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰው፣ ትንንሽ አጥሮች በተተከሉበት ጠረጴዛ ማዶ ቆሟል። በሥርዓቱ መሠረት ባንዲራውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጦታል። ድመቷ አሁንም ተኝታለች።

"ዛሬ ባይሆን ጥሩ ነበር፣ ዴርቭላ" አላት ዝቅ ብሎ።

"ዳይሱን ይጣሉ።"

የዋናውን አዛዥ ምስል አወጣች። ባንዲራው የነበረበት ቀዳዳ ባዶውን ነው። ጦረኞቹን በመሃል፣ ባለ ጠመንጃዎቹን በስተቀኝ፣ ጥቂት ፈረሰኞችን ከኋላ ደረደረች። ፈርገል ከባድ ፈረሰኞቹን ባንድ ወገን አጉሯል፤ ልማዱ ነው። "ፈርገል የሚሸሽ ነገር ካየ ፈረሱን መያዝ አይችልም" ይላት ነበር አባቷ። "ግን ጠመንጃ ያለበትን አጥር ሁልጊዜ ያያል፤ ዓይኑ ስል ነው።" ይህን ዓይን ነበር መስበር ያለባት።

ተራዋ ሲደርስ ቀኝ እጇን ዘረጋች። በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ጨምድዳ ያዘች። ጦረኞቹንም እንዲሁ፣ አንዱ እጅ ሌላውን እየጠበቀ፣ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበቻቸው።

ማላኪ በመጨረሻዎቹ የውድድር ዓመታቱ ወታደሮቹን የሚያንቀሳቅሰው እንዲህ ነበር። አዳራሹ አወቀው፤ ያኔ የጥንቃቄ ልማድ መስሏቸው ነበር። ከኋላ የቆመ አንድ ሰው "ኧረ በፈጠራት!" ሲል ተሰማ። የዴርቭላ እጅ ጤነኛ ነው፤ ምንም አልነካውም። ግን በእያንዳንዱ ተራ አንጓዋን ያዘች፣ በእያንዳንዱ ተራ ቀስ አለች፤ ፈርገልን ቀና ብላ እያየች። ጭካኔ ነበር። ጭካኔ እንዲሆን ነው ያደረገችው።

ያን ቀን የማላኪን እጅ በንስር ዓይን ሲከታተል የነበረው ሰው አሁን ማየት አቃተው። መስኮቱን አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ጫማውን አየ። እጇ ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አያርፍም።

"ባለ ጠመንጃዎች፣ ወደ አጥሩ" አለች ዴርቭላ፣ ደንቡ እንደሚለው ጮክ ብላ።

"እሺ" አለ ፈርገል፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

አላየም። ቀና ሲል ያየው ጦረኞቿ ወደ ኋላ መሸሻቸውን ብቻ ነው። የሚሸሽ ነገር። ፈረሰኞቹን በሙሉ ለቀቃቸው። አጥሩን ሲያልፉ ጠመንጃዎቹ ከጎን ጮኹ፤ ዴርቭላ ዳይሱን ስትጥል አንዴ ስድስት፣ አንዴ አምስት፣ እንደገና ስድስት መጣላት። የተረፉት ሄደው ረጃጅም ጦሮች ላይ ተሰኩ። ፈርገል በአንድ ተራ የሠራዊቱን ግማሽ ከጠረጴዛው ላይ እየለቀመ የወታደሮቹ መያዣ ውስጥ ከተተ።

"ከመቼ ወዲህ ነው እዚያ አጥር ውስጥ የገቡት?" ብሎ ጠየቀ።

"ነግሬዎታለሁ። እሺ ብለውኛል።"

ሎርካን ራሱን ነቀነቀ። "ብለሃል፣ ፈርገል።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ዳኛው እጁን አነሳ፣ ጨዋታው አለቀ፣ ፈርገልም እንደ ሥርዓቱ ሻይ ሊቀዳላት በራዱን አነሳ። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ጨዋታቸውን አቁመው ከበዋቸዋል። ስኒዋ ሲጋመስ ዴርቭላ መዳፏን ስኒው አፍ ላይ ደረበች።

"ይቁም። ለአባቴ የሚቀዱለት እስከዚህ ነበር፣ አይደል?"

ፈርገል በራዱን ከስኒው አራቀ።

"ሐሙስ ሐሙስ፣ እኛ ኩሽና። የራስዎን ሞልተው፣ የሱን ግማሽ። ከዚያ ጨዋታ በፊት ክረምቱን ሙሉ እንደዚያ ነበር። እኔ ስስታም ይመስሉኝ ነበር። ለምን ነበር ግማሽ?"

"ዴርቭላ፣ እባክሽ። ሰው ፊት።"

"ያኔም ሰው ፊት ነው የጮኹት።"

"እንዳያፈሰው" አለ ፈርገል።

"አልተሰማም።"

"እንዳያፈሰው! እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር። እንዳያፈሰው፣ እንዳያፍር ብዬ ነው።"

"ስለዚህ ያውቁ ነበር።"

ፈርገል በራዱን አስቀመጠ። አሥር ዓመት ይዞት የኖረው ነገር ፊቱ ላይ ወጣ። "አውቅ ነበር። ዓመት በዓመት እሱ፣ ዓመት በዓመት እሱ። አንድ ጊዜ ላሸንፈው ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ ልምጣ?"

የሳቀ የለም። ያን ዕለት ከሳቁት መካከል ብዙዎቹ እዚያው ቆመው ነበር፤ አሁን ዓይናቸውን የሚጥሉበት አጡ። ዴርቭላን ደስ አላት። ደስታው ከእግሯ ጥፍር ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፤ አልደበቀችውም። ባንዲራውን አንስታ በመሐረብ ጠቀለለችው።

በሩ ጋ ስትደርስ ፈርገል ተከትሏት መጣ። "ነገ ሣጥኑን ሲያወጡት ከተሸካሚዎቹ ጋር ልግባ። እስከ መታጠፊያው ብቻ። ጓደኛዬ ነበር።"

በዚያ አገር ሟችን በትከሻ መሸከም የማይከለከል ነገር ነው። ለማኙም ሀብታሙም በየተራ ይገባል።

"ባንዲራውን አሥር ዓመት ተሸክመውታል" አለችው። "ይበቃዎታል።"

ቤት ስትደርስ ኡና በሩ ላይ ጠበቀቻት። "ቀኑን ሙሉ ሴት ልጁ የት ሄደች ሲሉኝ ዋሉ። ራሷን አሟት ተኝታለች አልኳቸው፤ በአንቺ የተነሳ አስከሬን ፊት ዋሸሁ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አገኘሽው?"

ዴርቭላ መሐረቡን ገለጠች። ኡና ድመቷን አየች፣ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ስትስቅ ቆየችና እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ቀብር አስፈጻሚው ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ዴርቭላ ባንዲራውን በአባቷ ጣቶች መካከል፣ ከመቁጠሪያው ሥር፣ አስገባችው። ጣቶቹ ጸጥ ብለዋል። ከስንት ዘመን በኋላ ጸጥ ብለው ስታያቸው፣ እጁን የመለሰችለት ሳይሆን ሞት የወሰደባት መሰላት።

"ልዝጋው?" አለ ሰውየው በትሕትና።

"ትንሽ ቆይ።"

ኩሽና ገባች። የአባቷን ስኒ ከመደርደሪያው አወረደች። በመስኮቱ ከመንገዱ ማዶ ፈርገል ባርኔጣውን አውልቆ ብቻውን ቆሞ ይታያል፤ ግባ ያለው የለም፤ እሷም አትለውም። በራዱን አነሳች። እነዚህን ሁሉ ዓመታት እሷም ለአባቷ ግማሽ ነበር የምትቀዳለት። አሁን እስከ አፉ፣ እስከ ጠርዙ ሞላችው።

ይዛው ወደ ሳሎን ስትራመድ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በግራ እጇ አንጓዋን ያዘች፤ አልቆመም። ትኩሱ ሻይ በጣቶቿ ላይ እየፈሰሰ፣ በጥቁር ቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሣጥኑ ጋ ደረሰች። ኡና ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

ዴርቭላ አልሰጠቻትም። ክዳኑ እስኪዘጋ ድረስ ስኒውን እንደያዘች ቆመች።