ባለ አንድ ቁልፉ ዝም ማሰኛ

የሱቁ ደንበኞች ለኮምፒውተር ጨዋታና ለጠፈር ፊልም ነፍሳቸውን የሚሰጡ ወጣቶች ናቸው። ባለሱቁም ይህን ስለሚያውቅ በየዓመቱ አንድ የሌለ ዕቃ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ «ምነው የእውነት በሆነ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። የሌለውን ዕቃ የሚፈጥረው በሱቁ የተቀጠረ የዕቃ ቅርጽ ነዳፊ ነው። አምና ሰኞን የሚዘል የግድግዳ ሰዓት ሠርቶ ነበር። የዘንድሮው፣ ሰው ላይ አነጣጥረው ሲጫኑት ዝም የሚያሰኝ ሪሞት ነው። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው፣ ባዶ ፕላስቲክ። ካርቶኑ ላይ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ጻፈበት።

ባለሱቁ ድምፅ መመለሻ ቁልፍም ይኑረው ብሎ ነበር። ነዳፊው በጀ አላለም። መውጫ በር ያለው ቀልድ ምኑ ቀልድ ነው፣ ደግሞስ ሁለተኛ ቁልፍ መልኩን ያበላሸዋል ብሎ ሞገተ። ባለሱቁም እንደ ፍጥርጥርህ አለው። ያየው ሁሉ ካልገዛሁ ሲል ጊዜ፣ ብዙ አስመርቶ ለሳቅ ያህል ይሸጠው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የሱቁ ስልክ ዕረፍት አጣ። ሲያነሱት የሚናገር የለም፤ የሰው ትንፋሽ ብቻ። ባለሱቁ፣ ዓይን አፋር ወዳጅ አበጅተህ ነው እያለ በነዳፊው ላይ ያሾፋል።

ነዳፊው የሚኖረው ካሳደገችው ታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ባቡር ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ ታስታውቃለች። ከተማው መልኳን ባያውቅም ድምፅዋን ያውቀዋል። ቤት ስትገባም ማጉያው የተዘጋ አይመስላትም። አንድ ቀን ምሽት ስለ እርጥብ ፎጣው ጀምራ፣ በጫማው አልፋ፣ እስካሁን ስላላገኘው ሚስት ስትደርስ፣ ሪሞቱን ከኪሱ አውጥቶ ተጫነባት።

ዝም አለች።

ሳቀ። እትዬ ቀልድ ከያዘች እስከ ጥግ ነው። እራት ስታቀርብም ዝም። ስልኳ ጠራ፤ አለቃዋ ነበር። አነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ እንደከፈተች ቀረች። ከወዲያ ማዶ «ሃሎ? ይሰማል?» ይላል ሰውየው። ከወዲህ ትንፋሽ ብቻ።

ነዳፊው የሱቁን ስልክ ያስታወሰው ያኔ ነው።

ያረጀ ካልኩሌተር ሰብሮ ቁልፍ ነቀለ፤ ሪሞቱን በቢላ በስቶ አጣበቀው፤ ሥሩ «ተናገር» ብሎ ጻፈ። ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። የእህቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አላት።

እጇን ዘረጋች። እምቢ የሚልበት ፊት ስላልነበረው ሰጣት። አገላብጣ አየችው፤ የተጣበቀውን ቁልፍ በጥፍሯ ፈልቅቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ሪሞቱን ወደ እሱ አዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። አጥፍቶ እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ እንደምትጠብቀው፣ እንደ ድሮው፣ አውራ ጣቷን አንዷ ቁልፍ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

የምትጠብቀው ይቅርታ መሆኑ ገብቶታል። ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ ምላሱ ላይ ቀድሞ የደረሰው ሌላ ነበር።

«ቢያንስ ነገ ባቡሩ ያለ ንዝንዝሽ...»

ቀሪውን ማንም አልሰማውም።